በጸበል የበጠበጥኩት ጄል

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት በቦታዬ የተተካችው ባለሙያ ደብረ ማርቆስ እቤቴ ድረስ መጥታ፣ «ወይዘሮ የሺ፣ የጄሉን አሠራር በወረቀት ያስፍሩልኝ» አለችኝ። ደስም አለኝ፤ ትንሽም ተናደድኩ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ በአንድ ወረቀት? ቢሆንም ብዕር አነሳሁና ጻፍኩ። ውሃ ይህን ያህል፣ ዱቄት ይህን ያህል፣ አልኮል ይህን ያህል። ግማሽ ገጽ እንኳን አልሞላም። አመስግናኝ ከሄደች በኋላ ነው ወረቀቱ ላይ ያላሰፈርኩት እንደሚበዛ የገባኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ብዬ ነው። በውስጡ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ አንድም ቀን ያልነገርኩት ነገር አለ።

ሥራዬ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉ አሮጌ ሥዕሎችን ከጥቀርሻ ማጽዳት ነበር። የሰፈሬ ሰዎች ስሜን ትተው «ሥዕል አጣቢዋ» ይሉኛል። ስም ማውጣት ላይ ማን ብሎን። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ግን ሉማሜ ነው፣ በትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ረዳትነት። ቤተ ሙከራ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ቁም ሳጥን፣ አፋቸው የተሸረፈ ብልቃጦችና የማይገጥም በር ነበር። እዚያ ብልቃጥ ሳጥብ ስምንት ዓመት ቆየሁ። በኋላ የቅርስ ነገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኬሚካል የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማስታወቂያ አወጣ። ተወዳደርኩና ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነበር። ውሎ አበሉ ይዘገያል፣ ቅጹ ይበዛል፤ እሱን ሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል።

እዚያ ነው ጋሽ አድማሱን ያገኘሁት። አዲስ አበባ በቀለም ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው፣ እናታቸውን ለማስታመም ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ረጅም ቀጭን ነበሩ፤ የኮታቸውን ቁልፍ በሙሉ ሳይቆልፉ ከቢሮ አይወጡም። አይቆጡም። ባይቆጡም ግን ሰው ሲሳሳት ዝም ብለው ያዩታል፤ እሱ ከቁጣ ይብሳል።

ጄሉን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሣለው በጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ በጭቃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቀለሙን የያዘው ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ነው። የጧፍ ጥቀርሻና ቅባት ለብዙ ዘመን ሲያርፍበት ይጠቁራል። ይህን ጥቀርሻ አልኮልና ውሃ ተቀላቅለው ያነሱታል። ችግሩ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር መሆኑ ነው። ቅልቅሉን በጥጥ ነክራችሁ ብታሹት ይወርዳል፤ ወርዶም ጨርቁን አልፎ ሙጫውን ያገኘዋል፤ ሙጫው ከራሰ ቀለሙ ይለቃል። ስለዚህ ፈሳሹ ሳይፈስ ባለበት ቆሞ የሚሠራበት መላ ያስፈልጋል። የሚያቆመው ዱቄቱ ነው። ነጭ ነው፣ ከስኳር ዱቄት ይልቅ የላመ። የሸክላ አፈር ዘር ነው፤ ግን ከመሬት አልተቆፈረም፣ ፋብሪካ አስመስሎ ሠርቶታል። በውሃ ሲበጠበጥ የተልባ ውሃ የመሰለ፣ ጥርት ያለ ጄል ይሆናል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጋሽ አድማሱ አንድ ማሰሮ ጄል እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። እኔም የቤተ ሙከራ ሰው ነኝ ብዬ ኮራ ብያለሁ። አልኮሉን በብርጭቆው ማሰሮ ቀዳሁ፣ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ውሃው ኋላ ይደርሳል ብዬ ማማሰል ጀመርኩ። አማሰልኩ፣ አማሰልኩ። ዱቄቱ እታች ተኝቶ ቀረ። እሳቸው ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ከሰዓት በኋላ ክንዴ ሲዝል ተነስተው መጡ።

«ዱቄቱ ለምን አልጠጣም?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ ምናልባት ዱቄቱ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ዱቄቱስ ደህና ነው። ከአልኮል ጋር አይተዋወቅም እንጂ። እሱ የሚጠጣው ውሃ ነው፤ መጀመሪያ በውሃ ይጥገብ። ከጠገበ በኋላ አልኮሉን በጥቂት በጥቂቱ ብታመጪበት ይችለዋል። ከልኩ ሲያልፍ ግን የያዘውን ውሃ ይለቅብሻል።»

«ታዲያ ጠዋት ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠዋት ብነግርሽ ነገ ትረሽዋለሽ» አሉና ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። እውነትም አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ በጭራሽ የማይተዉትን ሥርዓታቸውን ተማርኩ። ውሃው የባትሪ ውሃ መሆን አለበት፤ ጋራዥ ቤት የሚሸጠው፣ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው። የቧንቧም የምንጭም ውሃ አይነኩም። «የዱቄቱ ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው ተለያይተው ውሃውን የሚይዙት» ይሉ ነበር። «በውሃው ውስጥ ጨው ካለ መገፋፋቱን ትተው ይጣበቃሉ። ጄሉ ቶሎ ይረጋል። ቶሎ የረጋ ጄል አይታመንም።» ዱቄቱን እንደ በርበሬ እየነሰነሱ፣ አንድ ሰው እያማሰለ ይገባል እንጂ አይዘረገፍም። ሲያልቅ ከኪሳቸው የታጠፈ ጋዜጣ ያወጡና ከማሰሮው ኋላ ይይዙታል። በጄሉ ውስጥ ፊደሉ ከተነበበ ጥሩ ነው። ከደፈረሰ ይደፉታል፤ ምንም ያህል ቢለፋበት ይደፉታል። የተነበበውንም በዚያው ቀን አይጠቀሙበትም። «ይደር» ይላሉ። አንድ ሌሊት አድሮ ጠዋት ማሰሮውን ዘንበል ያደርጉታል፤ ከላይ ውሃ አቁሮ እንደሆነ ያያሉ። ካላቆረ ገና አልኮሉ ይገባል። አልኮሉ ከገባም በኋላ አንዲት ማንኪያ ጄል በመስታወት ቁራጭ ላይ ለጥፈው መስታወቱን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ካልወረደ ያን ጊዜ ወደ ሥዕሉ ይሄዳሉ።

አለቆቻችን በዚህ ይበሳጩ ነበር። አንዱ አለቃ በተለይ የሚፈልገው ፎቶ ነው፤ ከመጽዳቱ በፊትና ከጸዳ በኋላ፣ ለሪፖርት። «አድማሱ፣ አንድ ሥዕል ስንት ቀን ይፈጃል?» ሲላቸው፣ «እሱን ሥዕሉ ያውቃል» ይሉታል። በጨዋ ደንብ ነው የሚሉት፤ ሰውየው ግን ፊቱ ይጠቁራል።

በሰው በኩልም ብልሃተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ በደብረ ኤልያስ በኩል በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስንሠራ ካህናቱ ጠርሙሱን አሽትተው፣ «አረቄ ነው ታቦት ቤት ያስገባችሁት?» ብለው ተነሱብን። ጋሽ አድማሱ ተቆጥተው አልመለሱም። አንድ ጠብታ በእጃቸው ጀርባ ላይ አድርገው፣ «አባቶቼ፣ የሚጠጣ አይደለም፤ ጥቀርሻውን ይዞ ራሱም በኖ ይጠፋል» አሉ። ካህናቱ አልኮሉን ሲፈቅዱ ውሃውን ያዙ። ከጋራዥ የመጣ ውሃ የእመቤታችንን ሥዕል አይነካም፣ ጸበል ይሁን አሉ። ጋሽ አድማሱ ጎንበስ ብለው፣ «ጸበሉ በእኛ ላይ ይረጭልን፤ የምንሠራው እኛ ነን» አሉ። ተረጨልን። ማሰሮው ውስጥ አንዲት ጠብታ አልገባችም፣ ማንም አልተቀየመም።

ሌላም ነገር አለ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እኔም ያን ለአንድ ወንድ ባልደረባ አፌን ሞልቼ ልናገር አልችልም። እሳቸው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ጠዋት ፊቴን አይተው፣ «ዛሬ አንቺ ከቅጥሩ ውጪ ሆነሽ ዱቄቱን ነስንሺ፣ እኔ ውስጡን እሠራለሁ» ይላሉ። ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ጊዜ አልተሳሳቱም። ለዚህ ነገራቸው እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

ጡረታ ሲወጡ ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ። ለጥቂት ዓመታት ሥርዓታቸውን አንድ በአንድ ጠበቅሁ። ከዚያ ከአምበር ወረድ ብላ ወደምትገኝ፣ ስሟን ወደማልጠራት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ተላክሁ።

እዚያ በሴቶች በር በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ማርያም ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት ፊቷን ወደሚያያት ሰው መልሳ፣ ተንበርክካ ትማጸናለች። ሥዕል ያሠራ ሰው እንደዚያ ከታች ይሣላል፤ ስሙም ይጻፋል። የዚህችኛዋ ስም ወለተ ሐና ነው። ሰው ጧፉን የሚለኩሰው ከታች ስለሆነ ከሥዕሉ ሁሉ የባሰ የጠቆረው የእሷ ፊት ነበር። ፊት አለ ለማለትም ያስቸግራል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን አንዲት መነኩሲት በትራቸውን ተመርኩዘው መጡ። እማሆይ ዘነቡ ይባላሉ፤ ከቅጥሩ ጥግ ባለች ጎጆ ነው የሚኖሩት። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ግን ንቁ ነበር።

«አንች ነሽ አጣቢዋ?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

በበትራቸው ጫፍ ከታች ያለውን ጥቁር ነገር አሳዩኝ። «እናቴ ናት» አሉኝ።

ወለተ ሐና ምጥ ጠንቶባት፣ ልጁን ብታተርፊልኝ ሥዕልሽን አሠራለሁ ብላ ለማርያም ተስላ ነበር። ልጅቱ ተረፈች፤ እናትየዋ አርባ ቀን ሳይሞላት አረፈች። ስእለቱን ባልየው ፈጸመ። ሠዓሊው የዚያው ደብር ሰው ነበር፤ ሟቿን በዓይን ያውቃታል። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ፎቶ የሚባል ነገር የለም። እማሆይ ነፍስ ሲያውቁ ፊቱ ጠቁሮ ነው የደረሱበት።

«የማርያምን ፊት ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አሉኝ። «አንች የእናቴን ፊት አውጭልኝ። ለበዓሉ ስመጣ ልያት። አይቻት ልሙት።»

አንጀቴን በሉት። ለበዓሉ አደርሳለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ጥር ሃያ አንድ ነበር የንግሡ ቀን። ጋሽ አድማሱ ቢሆኑ ኖሮ ቀን አይሰጡም ነበር።

የማርያምን ፊት፣ የልጇን እጅ፣ የመጎናጸፊያዋን ሰማያዊ በደህና አወጣሁ። ሥራው መልካም ነበር፤ ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኗ አስተዳዳሪ ማለት ነው፣ ቄስ ፈንታ በየማለዳው እየመጡ «ተመስገን» ይላሉ። ለበዓሉ አንድ ቀን ሲቀረው የወለተ ሐና ፊት ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ጄሬካኑን ሳነሳ የቀለለኝ። የባትሪ ውሃው ከግማሽ ብርጭቆ አይበልጥም። ደብረ ማርቆስ ደርሼ ብመለስ ቀኑ ይመሻል፤ ጄሉ አድሮ፣ አልኮሉ ገብቶ፣ ተሞክሮ እስኪሠራ በዓሉ ያልፋል።

ቄስ ፈንታ ነገሩን ሰምተው በነጭ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። ከቤተ ክርስቲያኗ በታች ካለው ምንጭ የተቀዳ ነው፤ ጥርት ያለ።

«ከዚህ የነጻ ውሃ ከየት ታመጫለሽ?» አሉኝ።

አውቅ ነበር። ይህን ደጋግሜ የምናገረው አላወቅሁም እንዳልል ነው። የምንጭ ውሃ ጨው አለው፤ ለዓይን ጠራ ማለት ለዱቄቱ ጠራ ማለት አይደለም። ግን ለቄስ፣ ያውም በቤተ ክርስቲያናቸው ቆሜ፣ «ጸበልዎ ለሥራዬ አይሆንም» ማለት አፌ እምቢ አለኝ። የጋሽ አድማሱ ዓይነት ዘዴ አልመጣልኝም። ትንሽ ቢገባ ምን ይጎዳል አልኩ። በባትሪው ውሃ ዱቄቱን ጀመርኩና የጎደለውን በጸበሉ ሞላሁ።

ወዲያው ረጋ። ሁልጊዜ ረጅም ሰዓት የሚፈጅብኝ ነገር ማማሰያውን ሳላወጣ ረጋ። ቄስ ፈንታ አማተቡና፣ «አየሽ፣ ረዳሽ» አሉኝ። እኔም አማኝ ሴት ነኝ። ቶሎ የረጋ አይታመንም የሚለው ቃል በጆሮዬ እያለ፣ ልቤ ደግሞ እመቤታችን ለእማሆይ ብላ ነው አለ። ያመንኩት ልቤን ነው። ጋዜጣ ከኋላው አልያዝኩም። ጄሉ ነጣ ብሎ ነበር፣ ውሃ የገባበት አሬራ ይመስላል። የመስኮቱ ብርሃን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አልኮሉን ጨመርኩበት። በመስታወት ላይ መለጠፉንም ተውኩት፤ ይደር የሚለውንማ ማን ያስታውሰዋል።

በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት አደረግሁ፤ ጄሉን በላዩ ለጠፍኩ፤ አልኮሉ እንዳይበንን በፕላስቲክ ሸፈንኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ደቂቃው ሳይሞላ ከፕላስቲኩ ሥር አንዲት ቀጭን ውሃ ስትወርድ አየሁ። ተከትላ ሌላ ወረደች። ውስጡ እንደ ተቆረጠ ወተት ተቋጥሮ ውሃውን ለቅቆታል። ጨው ያጣበቀውን አልኮሉ ጨረሰው፤ የያዘው ውሃ በሙሉ ሙጫው ላይ ሄደ። ዘልዬ ተነሳሁ፤ መንካት እንደሌለብኝ እያወቅሁ ፕላስቲኩን ሳብኩ። ከነወረቀቱ ከነጄሉ ተላቅቆ በመዳፌ ላይ መጣ።

ገልብጬ አየሁት። ፊቱ እዚያ ላይ ነበር። ጥቀርሻው ከላይ በኩል ስለሆነ ወደ ወረቀቱ ገብቷል፤ ቀለሙ ከሥር ስለተነሳ ንጹሑ ወገን ወደ እኔ ዞሯል። አንዲት ወጣት ሴት ቀና ብላ አየችኝ። ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ጸሎት በማይሞላ ጊዜ። ከዚያ ጄሉ እየፈረሰ ሲሄድ ቀለሙም አብሮ ፈሰሰ፤ በጣቶቼ መሃል ቡናማ ውሃ ሆኖ ወረደ። በግድግዳው ላይ የቀረው ባዶ ጨርቅ ነው፤ የጨርቁ ድርና ማግ ይቆጠራል።

ቄስ ፈንታ ከውጪ ሲመለሱ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ቀለሙ ድሮ በዝናብ ፍሳሽ ለቆ ኖሯል፤ ጥቀርሻው ነው ይዞት የቆየ» አልኳቸው። አመኑኝ። በሪፖርቱም ላይ እንደዚያው ጻፍኩ፤ ፎቶውን አያያዝኩ፤ አለቃዬ የማርያምን ፊት አይቶ አመሰገነኝ።

በማግስቱ እማሆይ ነጭ ለብሰው መጡ። ከባዶው ጨርቅ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ሰው ከኋላቸው ይጋፋል፤ አልሰሙትም። መጨረሻ ላይ፣ «ዝናቡ ነው አሉ» ብለው ለራሳቸው ተናገሩና ግድግዳውን ተሳልመው ወጡ። እኔን በሚያልፉበት ጊዜ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ለፍተሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ደብረ ማርቆስ ስገባ በቀጥታ ጋሽ አድማሱ ቤት ሄድኩ። ታመው ተኝተው ነበር። አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አዳመጡኝና፣ «ፊደሉ ይነበብ ነበር?» አሉኝ።

«ጋዜጣውን አልያዝኩበትም።»

«ታዲያ ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርጋል?» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ። «ለፊቱ ባለቤት፣ ለእማሆይ ንገሪ።»

እሽ አልኳቸው። በዚያው ዓመት አረፉ። እኔም ሳልነግር አምስት ዓመት አለፈኝ። ሰበብ አላጣሁም። ብናገር ጥፋቱ በጸበሉ ይሳበባል፣ የቄስ ፈንታ ስም ይነሳል፣ ምእመኑ ይታወካል እል ነበር። የጸበሉን ክብር የጠበቅሁ አስመስዬው ነበር። እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። ሥራዬን፣ ስሜን፣ «ሥዕል አጣቢዋ» መባሌን ሳይቀር ፈራሁለት። ጸበሉ ምንም አላጠፋም፤ የሰው ነፍስና ሥጋ ለመፈወስ የተቀደሰውን ውሃ ለጄል ያዋልኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ለዚያች ባለሙያ ከጻፍኩ በሳምንቱ አምበር ወረድኩ። እማሆይ በጎጆዋቸው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ሰላም ስላቸው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ እንጂ አላዩኝም። ዓይናቸው ጠፍቷል። ሁለት ዓመት ሆኖታል አሉኝ።

አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ውሃው እንዳነሰኝ፣ ጸበሉን እንደቀላቀልኩ፣ ሳላሳድር እንደለጠፍኩ፣ ዝናብ ብዬ እንደዋሸሁ። ስጨርስ፣

«አየሻት?» አሉኝ።

«አየኋት፣ እማሆይ። በእጄ ላይ። ለጥቂት ጊዜ።»

«ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ፊቷ ረዘም ያለ ነው። ጸጉሯ ሹሩባ ነው፣ እስከ ማጅራቷ የወረደ። በአንገቷ ዙሪያ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። ዓይኗን ሠዓሊው እንደሌሎቹ ሁሉ ትልልቅ አድርጎ ሥሎታል፤ እሱን አላምነውም። ግን ከዓይኗ ሥር ማርያም የሳመቻት ምልክት አለ፣ የምስር ፍሬ የምታህል። እሷን ሠዓሊ ከልቡ አያመጣትም፤ አይቶባት ነው።

«በየትኛው ዓይኗ?»

«በእጄ ላይ በቀኝ ነበር። ተገልብጦ ስለመጣ ግን በግድግዳው ላይ በግራዋ ነው።»

እጃቸውን አንስተው የግራ ጉንጫቸውን በሁለት ጣት ዳሰሱ። እዚያ ምንም የለም፤ የተጨማደደ ቆዳ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን አላነሱም።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሠዓሊ አስመጥቸ፣ አንችን አጠገቡ አስቀምጨ አሥላት ነበር። ሦስት ዓመት አያት ነበር። ዓይን ነበረኝ እኮ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን አላሰብኩትም። ያጠፋሁት በዚያ ቀን ያጠፋሁትን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ፊት በእኔ ዘንድ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም፤ እኔ ደግሞ ስለ ራሴ ስፈራ ይዤው ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ይቅር ብየሻለሁም አላሉኝ፤ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«ድገሚልኝ» አሉኝ ብቻ።

ደገምኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሌላ ወሬ አይፈልጉም። ከጸጉሯ እጀምራለሁ፣ ወደ ግንባሯ፣ ወደ ዓይኗ፣ ወደ ምልክቷ፣ ወደ አንገቷ እወርዳለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ከፍቷቸው ነበር፤ ሲያስላቸው ነው ያደሩት። ደስ እንዲላቸው ብዬ ሳላስበው፣ «ፈገግ ብላም ነበር» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ።

«ባለፈው ሳምንት ፈገግ አላለችም» አሉኝ። «ያላየሽውን አትቀላቅይብኝ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»